የኦክስጅን መስመሮች በባሮሜትር ሲፈተኑ

ከደረቅ አየር 20.95 በመቶው ኦክስጅን ነው። ይህ ድርሻ ከቦታ ቦታም ሆነ ከወቅት ወቅት እምብዛም አይለዋወጥም። ለርቀት ዳሰሳ ኦክስጅን የሚፈለገው በዚሁ መርጋቱ ነው፤ ሳተላይት ከመሬት ተንጸባርቆ በሚደርሰው የፀሐይ ብርሃን ውስጥ ኦክስጅን የመጠጠውን ከለካ፣ ብርሃኑ ምን ያህል አየር አቋርጦ እንደመጣ ማስላት ይቻላል። በዚያው መንገድ ላይ የተለካው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለኦክስጅኑ ሲካፈል የጋዙ ድርሻ ይገኛል። ስሌቱ ሁሉ የቆመው ግን ኦክስጅን በየትኛው የሞገድ ርዝመት ላይ ምን ያህል ብርሃን እንደሚመጥ በሚናገረው ሠንጠረዥ ላይ ነው። ሠንጠረዡ ከተሳሳተ መሣሪያው የቱንም ያህል ቢራቀቅ ውጤቱ የተሳሳተ ነው።

ኦክስጅን ለመለካት የተመቸ ሞለኪዩል አይደለም። ሁለቱ አተሞቹ አንድ ዓይነት በመሆናቸው እንደ ውሃ ትነት ኢንፍራሬድን አጥብቆ አይመጥም። በ0.76 እና በ1.27 ማይክሮሜትር አካባቢ ያሉት ባንዶቹ፣ ማለትም የምጠት መስመሮቹ ስብስቦች፣ የኳንተም ሕግ ከሞላ ጎደል የከለከላቸው፣ በሞለኪዩሉ መግነጢሳዊ ባሕርይ ብቻ የሚከሰቱ ደካማ ሽግግሮች ናቸው። ጎልተው የሚታዩት ብርሃኑ የሚያቋርጠው ኦክስጅን እጅግ ብዙ ስለሆነ ነው። የመጀመሪያውን ባንድ ፍራውንሆፈር በ1814 ከፀሐይ ብርሃን ላይ አይቶ «ኤ» የሚል ፊደል ሰጥቶታል። የኦክስጅኑ መስመሮች ከፀሐይ የመጡ ናቸው ወይስ ከምድር አየር የሚለውን ጥያቄ ለመፍታት ፈረንሳዊው ዣንሰን በ1889 ከኤፌል ግንብ የሚበራውን የኤሌክትሪክ መብራት ከ7 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ከመዶን መረመረው። ርቀቱ የዘፈቀደ አልነበረም፤ በመሬት ደረጃ ያን ያህል አየር ማቋረጥ መላውን ከባቢ አየር ቀጥ ብሎ ከማቋረጥ ጋር ይቀራረባል። መረጃን በእውነተኛ አየር የመፈተን ሐሳብ ከዚያ ወዲህ በመሠረቱ አልተለወጠም።

የተለወጠው የሚጠየቀው ጥራት ነው። ከሚሊዮን 400 ገደማ በሆነው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ላይ የ1 ልዩነት ለመለየት ስህተቱ ከ0.25 በመቶ መብለጥ የለበትም፤ ከስህተቱ የኦክስጅኑ ድርሻ ደግሞ ከዚያም ማነስ አለበት። የ0.1 በመቶ ስህተት በባሕር ጠለል ላይ 1 ሄክቶፓስካል ያህል የአየር ግፊት ማለት ነው። ከ1973 ጀምሮ እየታደሰ የሚወጣው ሃይትራን የተባለው የመረጃ ቋት የእያንዳንዱን መስመር ቦታ፣ ጥንካሬና በግፊት የመስፋት መጠን ይዘረዝራል። ለዚህ ጥራት ግን ዝርዝሩ ብቻ አይበቃም። ሞለኪዩሎች ሲጋጩ አጎራባች መስመሮች ጥንካሬ ይለዋወጣሉ፤ ግጭቱ ራሱም ከመስመሮቹ ሥር የተዘረጋ ተጨማሪ ምጠት ይፈጥራል። ለረጅም ጊዜ የተሠራበት፣ ቮይት የተባለው የመስመር ቅርጽ ቀመር ይህን አይገልጽም።

ቤተ ሙከራ የሚያስተማምነው ሁኔታዎችን መቆጣጠር ስለሚቻል ነው። እጅግ አንጸባራቂ በሆኑ መስታወቶች መካከል ብርሃን ደጋግሞ እንዲመላለስ ሲደረግ በአጭር ዕቃ ውስጥ የኪሎ ሜትሮች መንገድ ይገኛል፤ ብርሃኑ በምን ፍጥነት እንደሚከስም በመለካትም ምጠቱ ይታወቃል። ሆኖም ግፊትም ሙቀትም ከላይ እስከ ታች የሚለዋወጡበትን የአየር ዓምድ እንዳለ አምጥቶ ዕቃ ውስጥ መክተት አይቻልም።

ለዚህ ነው የመጨረሻው ፈተና ከሜዳ የሚመጣው። ቲኮን በሚል ምሕጻር የሚታወቀው ዓለም አቀፍ የምድር ጣቢያዎች መረብ ፀሐይን በቀጥታ ይመለከታል፤ የኦክስጅን ዓምዱን የሚያነበው በ1.27 ማይክሮሜትር ነው። አጠገቡ ያለው ባሮሜትር ከላዩ ስንት አየር እንዳለ ስለሚናገር ሁለቱ መስማማት አለባቸው። ባሮሜትሩ ርካሽ ነው፤ ስፔክትሮሜትሩ ውድ ነው፤ ዳኛው ግን ርካሹ ነው። ፈተናው የሚከብደው በቀኑ ርዝመት ነው። ፀሐይ ከአናት 80 ዲግሪ ስታዘነብል ብርሃኑ ከቀጥተኛው መንገድ 5 እጥፍ ተኩል ገደማ አየር ያቋርጣል። ያኔ የመስመሮቹ መሐል ፈጽሞ ስለሚጨልም መረጃው የሚገኘው ከጠርዞቻቸው ነው። ጥንካሬው ብቻ ከተሳሳተ ልዩነቱ ቀኑን ሙሉ አንድ ዓይነት ይሆናል፤ ቅርጹ ከተሳሳተ ግን ጠዋትና ቀትር ሁለት የተለያየ አየር ያሳያሉ።

የመስኩ ባለሙያዎች ልዩነቱን ብዙ ጊዜ በማባዣ ቁጥር ዘግተውታል። በ2010 የቲኮን ልኬቶች ከአውሮፕላን ልኬቶች ጋር ሲነጻጸሩ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ 1 በመቶ ያህል ዝቅ ብሎ ተገኝቶ ለ0.989 እንዲካፈል ተደረገ። በ2009 የመጠቀችውን የጃፓን ጎሳት ሳተላይት መረጃ ያሰሉ ተመራማሪዎችም ግፊቱ ከፍ ብሎ ስለወጣ የ0.76ቱን ምጠት በ2.5 በመቶ አሳደጉት። ዘዴው ለዕለቱ ሥራ ይበቃል፤ ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብ ግን አይገባም። ማባዣ የጥንካሬን ስህተት ያርማል፤ የቅርጽን ስህተት ይደብቃል። ኦ ሲ ኦ-2 ለተባለችው ሳተላይት የተዘጋጁት የኋለኞቹ ሠንጠረዦች የመስመሮችን መስተጋብርና የግጭት ምጠትን አብረው ማስተናገዳቸው ከማባዣው የተሻለ እርምጃ ነው።

የ1.27 ባንድ ለሳተላይት ሌላ ችግር አለበት። ኦዞን በፀሐይ ሲሰነጠቅ የሚፈጠረው የነቃ ኦክስጅን በዚያው የሞገድ ርዝመት ራሱ ያበራል፤ ይህ ብርሃን ምጠቱን ይሸፍናል። ፀሐይን በቀጥታ ለሚመለከት የምድር መሣሪያ ግን ከቁጥር አይገባም። በሐምሌ ወር 2025 የመጠቀው የፈረንሳይ ማይክሮካርብ ሳተላይት ሁለቱንም ባንዶች ይዟል። ከአንድ ቦታ በሁለት ባንድ የተነበበው ግፊት ካልተስማማ አንድ ማባዣ ሁለቱንም አያስታርቅም፤ ከእስካሁኖቹ ፈተናዎች ሁሉ ጠንካራው ይኸው ነው።