ፊልሙ ውስጥ የሌለችው ልጅ

ዝናብ ይዘንባል። አንዲት ልጅ ዣንጥላ ይዛ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ቆማለች፤ አጠገቧ ቶቶሮ የሚባለው ፀጉራም ግዙፍ ፍጡር አለ። “ማይ ኔበር ቶቶሮ”ን ያላየ ሰው እንኳ ይህን ፖስተር የሆነ ቦታ አይቶታል። ፊልሙን ያያችሁ ግን ልብ በሉ፤ ይህቺ ልጅ ፊልሙ ውስጥ የለችም። እዚያ ፌርማታው ላይ የምትቆመው ትልቋ ሳትሱኪ ናት፤ ትንሿ ሜይ ጀርባዋ ላይ ታዝላለች። የፖስተሯ ልጅ ሁለቱንም ትመስላለች፤ ሁለቱንም አይደለችም። ሃያኦ ሚያዛኪ ታሪኩን መጀመሪያ ያሰበው በአንዲት ልጅ ነበር፤ በኋላ ሁለት እህትማማች አደረጋት። ፖስተሩ ላይ ግን ያቺ አንዷ ቀረች።

የጃፓን አኒሜሽን ፊልሞችን ኦሪጅናል ፖስተር መሰብሰብ ምን ይጠቅማል ለሚለኝ ሰው መልሴ ይቺ ልጅ ናት። ፖስተር የፊልሙ ቁራጭ አይደለም። ፊልሙን ገና ላላየ ሰው የተገባ ቃል ነው።

“ኦሪጅናል” ሲባል በሠዓሊ እጅ የተሣለ ማለት አይደለም። ፊልሙ ሲወጣ ለሲኒማ ቤቶች እንዲሰቀል የታተመ ወረቀት ማለት ነው። የተለመደው መጠን ቢ2 ይባላል፤ 51.5 በ72.8 ሴንቲ ሜትር። 61 በ91 የሆነ “ኦሪጅናል የጃፓን ፖስተር” ኢንተርኔት ላይ ካያችሁ ጠርጥሩ፤ እሱ የክፍል ማስጌጫ መጠን ነው። መጠኑ ልክ ሆነ ማለት ግን ኦሪጅናል ነው ማለት አይደለም፤ ቅጂም በቢ2 ይታተማል።

ታዲያ ምስሉ ያው ከሆነ በርካሽ ቅጂ ምን አለበት? ቶቶሮ በሚያዝያ 1988 (እ.ኤ.አ.) ሲወጣ አብሮት ይታይ የነበረውን የኢሳኦ ታካሃታን “ግሬቭ ኦቭ ዘ ፋየርፍላይስ” ፖስተር ተመልከቱ። ወንድምና እህት ሣር መሃል ናቸው፤ በጨለማው ውስጥ የብርሃን ነጠብጣቦች ይታያሉ። አብሪ ትሎች ናቸው ብለን እናልፋለን። ምስሉን ብርሃን ሲጨምሩበት ግን ከላይ፣ ጨለማው ውስጥ፣ የቢ-29 ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ጥላ ይወጣል። ከነጠብጣቦቹ አንዳንዶቹ ትል ሳይሆኑ የሚወርድ እሳት ናቸው ማለት ነው። ፊልሙ በሙሉ እዚያ ጥቁር ውስጥ ተቀምጧል። ከኢንተርኔት ወርዶ በሚታተም ቅጂ ላይ ደግሞ ቀድሞ የሚሞተው ጥቁሩ ነው።

ከሰብሳቢዎች ጋር የማልስማማው ዋጋ ላይ ነው። ገበያው የሚያከብረው ያልተነካውን ነው፤ ማዕዘኑ ላይ የመርፌ ቀዳዳ ካለ ዋጋው ይወርዳል። ለእኔ ይሄ ነገር የተገለበጠ ነው። ቀዳዳ ያለው ወረቀት ግድግዳ ላይ ውሎ መንገደኛ ያስቆመ ሊሆን ይችላል። ንፁሑ ምናልባት አንድም ቀን ሥራውን አልሠራም። እርግጥ ብርሃን ቀለም ይበላል፤ የሰቀለ ሰው ቀስ በቀስ እያጠፋው ነው። ግን ጠቅልሎ ቱቦ ውስጥ የከተተውስ ምን አተረፈ? ፖስተር ሳይታይ አክሲዮን ነው።

ኪሱ ለሳሳ ሰው ደግሞ “ቺራሺ” አለ። ቢ5 የምትሆን፣ የጃፓን ሲኒማ ቤቶች በነፃ የሚያድሏት ወረቀት ናት። ፊት ለፊቷ ብዙ ጊዜ የፖስተሩን ምስል ትይዛለች፤ ጀርባዋ ስለ ፊልሙ ያወራል። እኔን ብትጠይቁኝ ከትልቁ ፖስተር ይልቅ የፊልሙን ዘመን የምትናገረው እሷ ናት፤ ሰው እጅ ውስጥ ገብታ ቤት ድረስ የሄደችው እሷ ናትና።

በ2023 የሚያዛኪ “ዘ ቦይ ኤንድ ዘ ሄረን” ጃፓን ውስጥ ሲወጣ ስቱዲዮ ጂብሊ ያለ ማስታወቂያ ፊልምና ያለ ትሬለር ነበር ያወጣው። ለሕዝብ የተሰጠው አንድ ፖስተር ብቻ፤ እሱም አንዲት ወፍ፣ ከመንቁሯ ሥር ሌላ ዓይን የሚያይባት። የጃፓን ተመልካች ስለ ታሪኩ ምንም ሳያውቅ፣ ያንን ዓይን ብቻ ይዞ ገባ። እኛ አብዛኞቻችን ነገሩ የሚደርሰን ተገልብጦ ነው፤ ፊልሙን አይተን ጨርሰን ነው ፖስተሩን የምንፈልገው። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ይህ ወረቀት ፊልሙን ላላየ ሰው ምን ቃል ገብቶ ነበር? መልስ ካገኛችሁለት ቀዳዳውም መጨማደዱም አያሳስባችሁ።