«ይሄዳል እኮ!»

ብዙ ዕቃ ያለ ዕድሜው ያስቀበረች አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር አለችን፤ «ይሄዳል እኮ!» የምትል። ስለ መኪና እንላታለን፣ ስለ ሊፍት እንላታለን፣ ስለ ውሃ ፓምፕ እንላታለን። የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ጤነኛ ይመስለናል። እኔ ዛሬ ይህችን ዓረፍተ ነገር የምመረምርባት ዕቃ ግን ትንሿ ናት፤ ያለ ባትሪ በሞላ የሚሠራው የእጅ ሰዓት። «ይሄዳል» የሚለው ቃል እዚያ ውስጥ እንደሚዋሸው የትም አይዋሽም።

አንድ ወዳጄ አባቱ ያወረሱት ሰዓት አለው። አባትየው መምህር ነበሩ፤ ከደመወዛቸው እየቆጠቡ ነው የገዙት። ባለ 17 ድንጋይ፣ ጠዋት ጠዋት በእጅ የሚሞላ። ወዳጄ ሰዓቱን ለሰው ሲያሳይ «አባቴ ካረፉ ሃያ ዓመት፤ አንድም ቀን ተከፍቶ አያውቅም!» ይላል። ሙገሳ መሆኑ ነው። ስለ መጽሐፍ ቢባል ስድብ መሆኑ ለማንም አይጠፋም ነበር።

እስቲ ጀርባውን እንክፈተው። ጠዋት ያጠበቅነው ሞላ ቀስ እያለ ይፈታል፤ ጉልበቱ ከጥርስ ወደ ጥርስ እየተላለፈ ወዲያ ወዲህ የምትል አንዲት መንኮራኩር ጋ ይደርሳል። ይህች መንኮራኩር በብዙዎቹ የቆዩ ሰዓቶች ውስጥ በሰከንድ 5 ጊዜ ትመታለች። በቀን 432,000፣ በዓመት ከ157 ሚሊዮን በላይ ምት ማለት ነው። የዘንጓ ጫፍ ውፍረት የሚሊ ሜትር አንድ አስረኛ ገደማ ነው፤ የሚያርፈው ደግሞ በሰው ሠራሽ ሩቢ ላይ ነው፤ «ድንጋይ» የምንለው እሱን ነው። በሁለቱ መካከል ያለችው ጠብታ እንኳ የማትባል ዘይት ናት። ዘይቷ በዓመታት ውስጥ ትደርቃለች፣ ወይም ከቦታዋ ትሸሻለች። ከአቧራና ከብረት ብናኝ ጋር ከተለወሰች ደግሞ ሞረድ ትሆናለች። ሰዓቱ ግን ይሄዳል! የመኪና ሞተር ዘይት ሲያልቅበት ይጮሃል፣ ይጨሳል፣ መንገድ ላይ ያስቀራል። የእጅ ሰዓት ጨዋ ነው፤ ራሱን እየበላ ዝም ብሎ ይሄዳል።

አምራቾቹ እንደየሰዓቱ ዓይነት ከአምስት እስከ አስር ዓመት ባለው ጊዜ አንዴ ይከፈት፣ ይፈታ፣ ይታጠብ፣ አዲስ ዘይት ይግባበት ይላሉ። ሰዓት ሠሪዎቻችን ይህንን «ማጠብ» ይሉታል። ቃሉ ጥሩ ነው፤ ችግሩ አንዳንዶች ቃል በቃል መውሰዳቸው ነው። ሳይፈቱት እንዳለ ቤንዚን ውስጥ ነክረው፣ አራግፈው፣ «ታጥቧል» ብለው ይሰጧችኋል። ቀርታ የነበረችውን ዘይት አጥበው ወሰዱ ማለት እኮ ነው! ለጥቂት ወር ሽው ይላል፤ ከዚያ በኋላ ብረት በብረት ነው።

ለመሆኑ ባለሙያውን ወደዚህ የገፋው ማነው? እኛ ነን። ለማሰሪያና ለመስታወት ማስወልወያ ሳንከራከር እንከፍላለን፤ የሚታይ ነገር ነዋ። ሰውየው «ፈትቼ ላየው፣ ሳምንት ይቆይ» ሲል ግን ዓይናችን ይጠባል። ዕቃ ሊቀይርብን ነው ብለን እንጠረጥራለን፣ ቆመን እንጠብቅህ እንላለን፣ ዋጋውን ግማሽ እናደርገዋለን። በግማሽ ዋጋ የሚገኘው ግማሽ ሥራ ነው። ቆይቶ ሌባ የሚባለው ግን እሱ ነው።

ወዳጄን ጎትቼ ወሰድኩት። ሽማግሌው ሰዓት ሠሪ ማጉያውን ዓይኑ ላይ ሰክቶ ብዙ ዝም አለና «ዘንጉ ተበልቷል፤ መለዋወጫው የለም፤ እንዲህ ዓይነቱን የሞተ ሰዓት አግኝተን ከሱ ካላወጣን» አለ። ወዳጄ ምን ቢለው ጥሩ ነው? «ይሄዳል እኮ!» ሽማግሌውም ሳይቆጣ «አዎ ጋሼ፣ ይሄዳል። እስኪያልቅ ነው እንጂ» አለው። ሃያ ዓመት ሙሉ ለአንድ እጥበት ያልወጣው ገንዘብ አሁን የሞተ ሰዓት ፍለጋ ላይ እየወጣ ነው፤ ይገኝ አይገኝ እንጃ።

አመሉ የእኛ ብቻ አይደለም። ሴይኮ እ.ኤ.አ. በ1969 የመጀመሪያውን የኳርትዝ የእጅ ሰዓት ገበያ ላይ አወጣ፤ ስዊዞች በ1983 ስዋችን አመጡ። የስዋች ፕላስቲክ አካል ተጣብቆ የተዘጋ ነው፤ የውስጥ ማሽኑ እንዲጠገን አልታሰበም። ርካሽና ትክክለኛ በመሆኑ አልከሰውም። ሰዓት ለማወቅማ ኪሳችን ውስጥ ያለው ስልክ ይበቃል። የሞላ ሰዓት ከ86,400ው የቀን ሰከንድ አስሩን ቢስት እንኳ ደህና ሠራ ይባላል። እኔ የምወድለት ሌላ ነገር ነው፤ የሠራው ሰው፣ አንድ ቀን ሌላ ሰው ይከፍተዋል ብሎ አስቦ ነው በብሎን የዘጋው። ያ ሌላው ሰው ነው እየጠፋ ያለው። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ሰፊ ክፍል ሲፈርስ ሽማግሌውም ጠረጴዛውን ይዞ ተነሣ። ሙያውን የሚወርስ ልጅ እንዳለው ጠይቄው ነበር። «አለኝ፤ ሞባይል ይጠግናል» አለኝ። በልጁ አልፈርድም።

የቋንቋ ነገር ካልነካካሁ አይሆንልኝም። ሰዓትን «እንሞላለን» እንላለን፤ የሚጠመዘዘውንም ብረት «ሞላ» እንለዋለን። አንድ ቃል ይመስላሉ፤ ዝምድና ግን የላቸውም። ግሱ የራሳችን ነው፤ ስሙን ከጣልያንኛ ነው የወሰድነው፤ ከመካኒኮቹ ጋር የመጣ ይመስለኛል። ስትሞሉ ታዲያ ከእጃችሁ አውልቁት፣ እምቢ ሲል አቁሙ። ሰዓታችሁ ድንገት በቀን ብዙ ደቂቃ መቅደም ከጀመረ ደግሞ ማግኔት ነክቶት ይሆናል፤ የቦርሳ ቁልፍ ወይም የድምፅ ማጉያ ይበቃዋል። መሣሪያው ላለው ባለሙያ የሰከንዶች ሥራ ነው።

ቀን የሚያሳይ ሰዓት ያላችሁ አንድ ተጨማሪ ጣጣ አለባችሁ። ፈረንጅ በዓመት 5 ጊዜ ቀኑን ያስተካክላል። በእኛ አቆጣጠር ለሚጠቀም ሰው 13 ጊዜ ነው፤ አሥራ ሁለቱ ወር በ30 ያልቃል፣ ሰዓቱ ግን 31 ይላል፤ ጳጉሜንን ደግሞ ከነአካቴው አያውቃትም። መመሪያው «ከምሽቱ 9 እስከ ሌሊቱ 3 ቀኑን አትንኩ» የሚለው በፈረንጅ ሰዓት ነው። ይህንን ወደ እኛ ሰዓት ተርጉማችሁ ከምሽቱ 3 እስከ ሌሊቱ 9 ነው ካላችሁ፣ በሀበሻ ሰዓት በተሞላ ሰዓት ላይ ተሳሳታችሁ። ጥርሶቹ የሚያውቁት የጠቋሚውን ቦታ እንጂ የፀሐይን አይደለም። አደጋው ቀን የሚለወጥበት 12 አካባቢ ነው፤ ጠቋሚው ከ9 ተነሥቶ በ12 በኩል 3 እስኪደርስ። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ጠቋሚዎቹን ወደ 6 አውርዱ፣ ቀኑን ቀይሩ፣ ከዚያ ሰዓቱን ወደ ቦታው መልሱ።