ያልሆነበትስ የት ነው?

አንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ኮሪደር ላይ አስቁማኝ፣ «መምህር፣ የራሳችን አገር ጉዳይ እንቅልፍ ነስቶን ሳለ የዛምቢያና የማላዊ መንደሮች ምን ይጠቅሙናል?» አለችኝ። ጥያቄው የሚገባ ነው፤ መልሱ ግን ቆሞ የሚያልቅ አይደለም።

በንጽጽራዊ ፖለቲካ ትንታኔ የሚጀምረው ነገሩ ያልሆነበትን ቦታ ከመፈለግ ነው ባይ ነኝ፤ በዚህ ማንም አይመልሰኝም። አብዮት የፈነዳባቸውን አገሮች ብቻ ሰብስቦ «መንስኤው ድህነት ነው» ማለት ማንን ያቅታል? ድሃ ሆኖ አብዮት ያላየውን አገርስ ማን ጠየቀው? ቴዳ ስኮችፖል እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመችው መጽሐፍ ከፈረንሳይ፣ ከሩሲያና ከቻይና ጎን ጃፓንንና ፕሩሺያን ያመጣችው ለጌጥ አልነበረም።

ወደ መንደሮቹ ልምጣ። ቼዋና ቱምቡካ የሚባሉ ሁለት ሕዝቦች ከዛምቢያና ማላዊ ድንበር ወዲህም ወዲያም ይኖራሉ። ድንበሩን ያሰመሩት እንግሊዞች ናቸው፤ ማን ከማን እንደሚለይ ግድም አልነበራቸው። ዳንኤል ፖስነር የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በድንበሩ ግራና ቀኝ ያሉ መንደሮችን መርጦ ነዋሪዎቹን ጠየቀና እ.ኤ.አ. በ2004 ውጤቱን አሳተመ። ያው ቼዋ፣ ያው ቱምቡካ፤ ማላዊ ላይ በጎሪጥ ይተያያሉ፣ ዛምቢያ ላይ ወዳጆች ናቸው። ባህል ነው እንዳንል ባህሉ እዚህም እዚያም አንድ ነው። የፖስነር መልስ ብዛት ነው፦ ማላዊ ውስጥ ሁለቱም የፖለቲካ ድጋፍ ለማሰባሰብ የሚበቃ ቁጥር ስላላቸው ፖለቲከኛው በየስማቸው ያሰልፋቸዋል፤ ዛምቢያ ውስጥ ግን ለየብቻ ሚዛን ስለማይደፉ «የምሥራቅ ሰዎች» ተብለው አብረው ይቆማሉ።

«የማላዊው ፕሬዚዳንት ባንዳ እ.ኤ.አ. በ1968 ቺቼዋን ብሔራዊ ቋንቋ ማድረጋቸውስ?» ብሎ የሚሞግተኝ ተማሪ ሲገኝ ቀኔ ይበራል። ታዲያ ቼዋዎች እዚህ ግቡ የማይባሉ ጥቂቶች ቢሆኑ ኖሮ ባንዳ ይህን ማድረግ ያዋጣቸው ነበር? በዚህ ጥያቄ አንድ ክፍለ ጊዜ እንዳለ ያልቃል፤ ይለቅ።

የመቶ ምናምን አገር መረጃ ኮምፒውተር ላይ ጭኖ በአንድ ሌሊት ውጤት የሚያወጣ ባልደረባ አለኝ። «ሁለት መንደር ማስረጃ ነው?» ይለኛል። የእሱ ሰንጠረዥ «የቋንቋ ብዝኃነት» የሚል ዓምድ አለው። በዚያ ዓምድ ብቻ ቢፈረድ ከ120 በላይ ቋንቋ ያላት ታንዛኒያ በፈረሰች፣ ሕዝቧ ባመዛኙ አንድ ቋንቋና አንድ ሃይማኖት ያለው ሶማሊያ በጸናች ነበር። የሶማሊያው መሪ ዚያድ ባሬ እ.ኤ.አ. በ1991 ሲወድቁ የሆነውን እናውቃለን። ሶማሌላንድ በዚያው ዓመት ተነጥላ፣ በዚያው ቋንቋና በዚያው የጎሳ ሥርዓት ሌላ መንገድ መያዟን ዓምዱ ከወዴት አምጥቶ ይነግረናል?

ያልሆነበትን ቦታ የመፈለግ ልማዴ ከክፍል ውጭ ብዙ ወዳጅ አላፈራልኝም። ያደግሁት የሁሉም ነገር ማብራሪያ «ደም ነው» በሚባልበት ሰፈር ነው፤ ሰውን በደሙ ሳልፈርድ መኖር የቻልኩት በዚህ ሙያ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ለቅሶ ድንኳን ውስጥ አንዱ ካርታ እየጣለ «እነሱ እኮ ተፈጥሯቸው ነው» ሲል፣ «ሌላ የሚኖሩበት አገር የለም? እዚያስ እንዲሁ ናቸው?» እላለሁ። ጨዋታው ይቀዘቅዛል፤ ባለቤቴ በክርኗ ትጎስመኛለች። አንድ ጊዜ ግን አንድ የድሮ የጭነት መኪና ሹፌር ካርታቸውን አስቀምጠው፣ «እውነትህን ነው ልጄ፤ እኔ በምመላለስበት ከተማ አብረው ነበር የሚነግዱት» አሉና በሬውን ማን እንደሚያቀርብ፣ መጋዘኑ የማን እንደሆነ፣ ዱቤ ማን ለማን እንደሚሰጥ ይዘረዝሩልኝ ጀመር። ተጫዋቾቹ «ተራዎ ነው አባባ» ቢሏቸው «ቆዩኝ፣ ገና አልጨረስኩም» አሉ።