በፋኑና በብረቱ መካከል

ከእኔ ዘንድ ሙያ ሊለምድ የመጣ አንድ ወጣት ባለፈው ሰሞን፣ የአንዲት እናት ኮምፒዩተር ጠረጴዛ ላይ ከፍቼ የፕሮሰሰሩን ፋን በካቻቢቴ ስፈታ አይቶ፣ «ጋሼ፣ በብሎወር ቢነፋ በ2 ደቂቃ የሚያልቀውን ነገር ስለ ምን ይህን ያህል ይደክሙበታል?» ሲል ጠየቀኝ። ይህ የእርሱ ብቻ ጥያቄ አይደለም፤ ኬዙን ደጃፍ ላይ አቁመው፣ አቧራውን በብርቱ ነፋስ ወደ ጎዳና ሰደው ለባለቤቱ የሚመልሱ የሙያ ወንድሞቼ ሁሉ ዘወትር የሚወቅሱኝ በዚሁ ነው።

እኔ ግን ፋኑ ሳይፈታ ኮምፒዩተር ጸዳ መባሉን ከቶ አልቀበልም። ብሎወር የሚያነሣው ላይ ላዩን የተኛውን ልም ትቢያ ነው፤ ፋኑ በሚያርፍበትና የሂት ሲንኩ ስስ የአሉሚኒየም ቅጠሎች በሚጀምሩበት መካከል የተደላደለው ንጣፍ ግን ከስፍራው አይነቃነቅም፤ ይባስ ብሎም ወደ ቅጠሎቹ ጠልቆ ይወተፋል። ፋኑም በጣት ሳይያዝ ሲነፋ ከተሠራለት ፍጥነት በላይ እየተሽከረከረ ኩሽኔታው ይጎዳል።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ናትና አየሯ ስስ ነው፤ ስስ አየርም ከብረት ላይ የሚወስደው ሙቀት ያነሰ ስለ ሆነ፣ ጥቂቱ አቧራ ብዙ ይጎዳል። ሙቀቱ ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቃረብ ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ሥራውን ያዘገያል፤ ባለቤቱም ቫይረስ ገባብኝ ብሎ ይመጣል።

እኒያ እናት በባሕር ማዶ ያለ ልጃቸውን የሚያዩበት ያ ኮምፒዩተር የሚቀመጠው ቡና ከሚፈላበት ክፍል ነበር። ፋኑን ባነሣሁት ጊዜ ንጣፉ ጠቆር ያለ፣ ከከሰሉ ጥላሸትና ከዕጣኑ ጢስ ጋር ተዋሕዶ እጅ የሚይዝ ሆኖ አገኘሁት። ጫፉን በወረንጦ ይዤ ብስበው እንደ በርኖስ ቁራጭ ባንድነት ተላጠ። ወጣቱ ጎንበስ ብሎ አሸተተና «ቤተ ክርስቲያን ቤተ ክርስቲያን ይላል» አለኝ።

ይህ ቃሉ ወደ ልጅነቴ መለሰኝ። በደብራችን በዲቁና ሳገለግል ጽናውን በአመድና በሎሚ የምወለውለው እኔ ነበርሁ። ንዋየ ቅድሳቱን የሚጠብቁት አባት ውጭው እንደ ወርቅ ማብለጭለጩን ከምንም አይቆጥሩትም ነበር፤ አውራ ጣታቸውን በክዳኑ ሥር፣ ሰንሰለቱ ከሚጋጠምበት ቀለበት ውስጥ ሰደው ያዞሩትና፣ ጣታቸው ጠቁሮ ከወጣ አንድም ቃል ሳይናገሩ ጽናውን መልሰው ያስታቅፉኛል። አንድ የሆሳዕና ዋዜማ ሦስት ጊዜ መልሰውብኝ፣ በአራተኛው ጣታቸውን አይተው ራሴን ዳበሱኝ።

እኒያ አባት ካረፉ ብዙ ዘመን ሆነ። እኔም የሂት ሲንኩን ቅጠሎች አንድ በአንድ በብሩሽ ጠርጌ፣ እንደ ጠመኔ የደረቀውን ቴርማል ፔስት በአልኮል አስለቅቄ አዲሱን ከቀባሁ በኋላ፣ ፋኑን ከመግጠሜ በፊት አውራ ጣቴ ሳላዝዘው ወደ ታችኛው ጠርዝ ይሄዳል።