የእንግሊዝኛን ትምህርት ስለ ማስማማት፦ አጭር ሒስ

ልዩ ፍላጎት ላላቸው ተማሪዎች ትምህርትን ስለ ማስማማት ሲነገር፣ ብዙዎቻችን የምንረዳው ትምህርቱን መቀነስን ነው። ከአሥሩ ጥያቄ አምስቱን መተው፣ ሥዕል ያለበትን መልመጃ መዝለል፣ ምንባቡን ማሳጠር፣ በፈተናም ጊዜ ጥቂት ደቂቃ መጨመር እንደ ማስማማት ይቈጠራል። ይህ ከርኅራኄ የመጣ ለመሆኑ አንጠራጠርም። ሆኖም በእንግሊዝኛ ትምህርት ላይ ሲሆን እንዲህ ያለው ርኅራኄ ተማሪውን የሚጎዳ መስሎ ይታየናል።

ምክንያቱም እንግሊዝኛ በአገራችን ከትምህርቶች መካከል አንዱ ብቻ አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በሁለተኛ ደረጃና ከዚያ በላይ ማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ወስኗል። በዚያው ዓመት በእስፓኝ አገር በሳላማንካ ከተማ የ92 መንግሥታትና የ25 ዓለም አቀፍ ድርጅቶች መልእክተኞች ተሰብስበው፣ ልዩ ፍላጎት ያላቸው ልጆች በመደበኛው ትምህርት ቤት ሊማሩ ይገባል ብለው መግለጫ አወጡ። ሁለቱ ሐሳቦች የሚገናኙት ዘጠነኛ ክፍል ላይ ነው። በታችኛው ክፍል እንግሊዝኛ የቀለለለት ልጅ እዚያ ሲደርስ የሚቸገረው በእንግሊዝኛ ብቻ አይደለም፤ ታሪኩም፣ ሥነ ሕይወቱም፣ ሒሳቡም አብረው ይከብዱታል።

አንድ የታወቀ መልመጃ እንመርምር። ኦን፣ ኢንና አንደር የሚባሉትን መስተዋድዶች ለማስተማር መጽሐፉ ሳጥንና ኳስ ይሥላል፤ ከሥሩም «ሥዕሉን ተመልክተህ መልስ» ይላል። ወደ ብሬይል ሲገለበጥ ሥዕሉ ይጠፋል፤ «ተመልከት» የሚለው ትእዛዝ ግን እንዳለ ይቀመጣል። ይህን ያስተዋሉ መምህራን ሥዕሉን በቃል ይተርኩለታል። ነገር ግን «ዘ ቦል ኢዝ ኦን ዘ ቦክስ» ብሎ ከተረኩ በኋላ ኳሱ የት ነው ብሎ መጠየቅ ምን ይረባል? መልሱ አስቀድሞ ተነግሯል። የመልመጃው ዓላማ ሥዕሉ አልነበረም። የጫማ ካርቶንና አንድ ጠጠር ጠረጴዛው ላይ ቢቀመጡ ልጁ ዳስሶ ይመልሳል፤ በመንካትና ባለመንካት የሚለዩትን ኦንንና አባቭንም በእጁ ይለያቸዋል። በአማርኛ «ሳጥኑ ላይ» ስንል ቦታ አመልካቹ ከስሙ በኋላ ይመጣል፤ በእንግሊዝኛ ግን ይቀድማል። ማየት ለሚችለውም ለማይችለውም ዋናው ችግር ይህ ነው፤ ሥዕሉም ቢሆን አይፈታውም።

ከዚህ የሚበልጥ ነገር አለ። ፊደላችን ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድ ቅርጽ አዋሕዶ ይጽፋል፤ የግዕዝ ፊደል ብሬይል ግን ተነባቢውን ያስቀድምና አናባቢውን ለብቻው ያስከትላል። የብዙዎቹም ነጥቦች አቀማመጥ ከእንግሊዝኛው ብሬይል ጋር ይመሳሰላል። እንግዲህ ዓይነ ስውሩ ልጅ ወደ እንግሊዝኛ ክፍል ሲገባ፣ ዓይናማው ጓደኛው ገና የሚማረውን የተነባቢና የአናባቢ መለያየት አስቀድሞ በጣቶቹ ያውቀዋል። ብሬይልን የማያውቅ መምህር ይህን ቀዳሚነት ሳያይ ልጁን ከኋላ ያስቀምጠዋል። በሌላ ወገን ደግሞ በአሕጽሮት የሚጻፈው የእንግሊዝኛ ብሬይል «ዘ» እና «ኤንድ» የሚሉትን ቃላት እያንዳንዳቸውን በአንድ ምልክት ብቻ ስለሚጽፍ፣ ልጁ ቃሉን እያነበበ ሆሄያቱን ላያውቅ ይችላል። ስለዚህ አዲስ ቃል መጀመሪያ ያለ አሕጽሮት ሊቀርብለት ያስፈልጋል። እውነተኛው ማስማማት ይህን የመሰለ ነው፤ ከትምህርቱም አንዳች አይቀንስም።

መስማት የተሳነውን ተማሪ በተመለከተ ነገሩ ይከብዳል። መምህሩ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ከንፈሬን ተመልከት» ይላል። ይሁን እንጂ «በላ» እና «መላ» በከንፈር ላይ አንድ ናቸው፤ ልጁ በሚያውቀው ቋንቋ እንኳ በሐሳቡ ሂደት ካልሆነ ሊለያቸው አይችልም። በማያውቀው ቋንቋ ግን ሂደቱን ከየት ያመጣዋል? ለእርሱ እንግሊዝኛ በዓይን የሚታይ ቋንቋ ነው። ባለቤት፣ ግስና ተሳቢ በየቀለሙ በካርድ ተጽፈው፣ ግሱ ከአማርኛው መጨረሻ ወደ እንግሊዝኛው መካከል ሲዛወር በእጁ ቢያንቀሳቅሰው ይረዳዋል። የቃል ጽሕፈት ግን በምልክት ካልተተረጐመ ለእርሱ ምንም አይደለም፤ ያለ ምልክት ተሰጥቶ ዜሮ የሚያገኝበት ክፍል ደግሞ ጆሮውን እንጂ እንግሊዝኛውን አልመዘነም።

ስድሳ ተማሪ በተቀመጠበት ክፍል ይህ ሁሉ እንዴት ይሆናል የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን። ካርቶኑና ጠጠሩ፣ ካርዶቹም ለስድሳውም ይጠቅማሉ፤ በዚህ በኩል ተቃውሞው ደካማ ነው። የምልክት ቋንቋ በማያውቅ መምህር ፊት ግን ካርድ ብቻውን የትም አያደርስም፤ እዚህ ላይ ተቃውሞው ትክክል ነው። ስለዚህም ጥያቄው ወደ እኛ ወደ ዕጩ መምህራን ይዞራል። ስድስቱን የብሬይል ነጥቦች በዓይን ማንበብ ለመማር ብዙ ጊዜ አይፈጅም፤ በማስተማር ልምምድ ዋዜማም ቢሆን ይደረስበታል። የምልክት ቋንቋ ግን ዓመታት የሚጠይቅ ስለሆነ፣ የእንግሊዝኛ መምህር ለመሆን የሚሠለጥን ሁሉ ከመጀመሪያው ዓመት አንሥቶ ቢማረው ይሻላል።