ውስጥ እግር

በቅርቡ ወደ ሥራችን የገባች አንዲት ወጣት መምህርት፥ «ኦቲዝም ያለባቸውን ሕፃናት ዐይናቸውን አስጨፍኜ እስትንፋሳቸውን የማስደምጣቸው ለስንት ደቂቃ ነው?» ብላ ብትጠይቀኝ፥ ደቂቃውን ከመወሰን አስቀድማ ዐይን ማስጨፈኑን ራሱን እንድትተወው መከርኋት፤ ብዙ የሙያ ጓደኞቼ ቢከራከሩኝም ከዚህ አሳቤ ፈቀቅ አልልም። ድምፅና ብርሃን ከሌላው ሰው ይልቅ የሚበረታበት ሕፃን፥ ማን በበር እንደ ገባ፥ ማንስ ከኋላው እንደ ቆመ በዐይኑ እያረጋገጠ ራሱን የሚያጽናና ስለ ሆነ፥ ያንን ነሥቶ ከእርሱ ጥሞናን መሻት ግፍ ነው፤ እስትንፋስም ቢሆን፥ ደረቱ በፍርሃት በሚናወጥበት ሰዓት ኅሊናውን እዚያው ላይ ማሳረፍ ብዙ ጊዜ ፍርሃቱን ያባብስበታል።

እኔ የምጀምረው ከውስጥ እግር ነው። ጆን ካባት ዚን እ.ኤ.አ. በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ያስጀመሩት የጥሞና ትምህርት፥ ተቀምጠው ረዥም ቃል ለመከተል ለሚችሉ ሕሙማን የተዘጋጀ ነበር፤ ኒርባይ ሲንግና ባልደረቦቻቸው ግን በ2003 ባሳተሙት ጥናት፥ የአእምሮ ዕድገት ውሱንነት ያለበት አንድ ሰው ቁጣ ሲነሣበት ሐሳቡን ወደ ውስጥ እግሩ ማውረድን ለምዶ፥ እጁን በሰው ላይ ከማንሣት እንደ ታቀበ አስረድተዋል። ስለዚህ ጫማውን አስወልቄ፥ ልጁን በጠዋት በቀዘቀዘው ሲሚንቶ፥ ቀጥሎም በአጎዛ ላይ አቆመዋለሁ፤ ለማይናገረው ልጅ፥ ከፈቀደልኝ፥ እግሩን በመዳፌ ጠበቅ አድርጌ እይዝለታለሁ፥ የሳሳ ንክኪ ብዙዎቹን ያስደነግጣቸዋልና። እየተወዛወዘ ቢቆም አልከለክለውም። ልምምዱም ልጁ ደስ ባለው ሰዓት ይጀመራል እንጂ በጩኸቱ መካከል አይጀመርም።

ደወል በተደወለ ቁጥር ራሱን ከግድግዳ ጋር ያላትም የነበረ አንድ ልጅ፥ ከብዙ ወራት በኋላ፥ ደወሉን ሲሰማ ማንም ሳያዝዘው ተቀምጦ የጫማውን ማሰሪያ ሲፈታ አይቻለሁ፤ ማላተሙ ፈጽሞ አልቀረም፥ ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ምን እንደሚሻ ያስታውቀናል።

ከሁሉ ይልቅ የምሟገትለት፥ አስተማሪው አስቀድሞ በገዛ እግሩ መቆም እንዳለበት ነው። እነ ሲንግ በ2006 ባወጡት ሌላ ጥናት፥ ጥሞናን የተማሩት ሦስት እናቶች ሲሆኑ፥ ቀንሶ የተገኘው ግን ኦቲዝም ያለባቸው የልጆቻቸው ጠበኝነት ነው። እኔም ከሕፃንነቴ ጀምሮ በቅዳሴ ሰዓት ከእናቴ አጠገብ በባዶ እግሬ ስቆም፥ ሥጋዬ እንጂ ልቡናዬ በዚያ አልነበረም፤ ድንጋይ ከእግሬ በታች መኖሩን ያወቅሁት እነዚህን ልጆች ሳስተምር ነው። አሁን ሥርዐተ ቅዳሴው እስኪፈጸም የምንጣፉን ሻካራነትና የተረከዜን ሕመም ለይቼ አውቃለሁ፤ ሰኞ ጠዋትም አንዱ ልጅ ሲጮኽብኝ፥ አፌን ከመክፈቴ በፊት ያንኑ ተረከዜን እፈልገዋለሁ።