ስፖንጁን አውልቀው

የእህቴ ልጅ ከኮምቦልቻ ብስክሌት ገዝቶ ደጎሎ መጣ። «አጎቴ፣ ሩቅ ስሄድ መቀመጫዬ እየተላጠ አስቸገረኝ። ስፖንጅ ብደርብበት ምን ይመስልዎታል?» አለኝ። ሳየው ስፖንጁ ቀድሞውንም ከልክ አልፏል። «ይልቅ ያለውንም አውልቀው» ብለው ሳቀ። ብስክሌት የሚጠግንለት ጎረምሳም «ለስላሳ ነው የሚሻለው» ባይ ነው።

እኔ ኮርቻ ሠሪ ነኝ፤ ይህን ክርክር ከኮርቻ ገዢዎችም ጋር ኖሬበታለሁ። የፍራሽ ቁራጭ ከኮርቻው ልብስ፣ ከግላሱ ሥር የሚሸጉጡ በዝተዋል። ለስላሳ ነገር ገበያ ደርሶ ለመመለስ ደግ ነው። መንገዱ ሲረዝም ግን የመቀመጫ አጥንት ስፖንጁን ሰርስሮ ታች ይደርሳል፤ የተገፋው ስፖንጅ ደግሞ በመሐል ጉብ ይልና አጥንት የሌለበትን ሥጋ ይጫናል። ላቡና ፍትጊያው ሲታከልበት ይላጣል። ሰው የሚቀመጠው በሁለት አጥንቶች ነው፤ ስፋቱ ለእነሱ የተለካ የተወጠረ ቆዳ ቢጠነክርም ቀን ሙሉ ይሸከማል።

እኔ ግን ከተቀማጩ በፊት የበቅሎዋን ጀርባ ነው የማየው። የኮርቻ እንጨት ሁለት ሳንቃ ነው፤ አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ ጎኗ ይተኛል። በመሐል አከርካሪዋ የሚተነፍስበት ክፍተት ይቀራል። ለሳንቃው ከቆላ የሚመጣ ዋንዛ እመርጣለሁ፤ ቀላል ነው፣ ለመጥረቢያም ይታዘዛል። ጥሬ ቆዳውን እርጥቡን አለብሰዋለሁ፤ ሲደርቅ ተኮማትሮ እንጨቱን ከምስማር በተሻለ ያንቃል። ከዚያ በቅሎዋ ትጫንና ዳገት ትወጣለች። ስትመለስ ኮርቻውን አንስቼ ላቧን አነባለሁ። ጀርባዋ እኩል ከራሰ ሥራው አልቋል። በላቡ መሐል ደረቅ ቦታ ከታየኝ እዚያ ጋ እንጨቱ ተጭኗታል ማለት ነውና እንደገና እጠርባለሁ። ይህን የናቀ ሰው በቅሎው ገጣባ ታወጣለች፤ ቁስሉ ሲሽር ነጭ ጠጉር ይበቅልበታል። በቅሎ ስትገዙ ጥርሷን ከማየታችሁ በፊት ጀርባዋን እዩ። የታመመች በቅሎ ሽቅብ ቁልቁል ስትል የተቀማጩም ወገብ አብሮ ያልቃል፤ የሚወቀሰው ግን ኮርቻው ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን!

ፈረንጆቹም የመሐሉን ክፍተትና የተወጠረውን ቆዳ ያወቁት በፈረስ በኩል ነው። የአሜሪካ ጦር በ1859 እ.ኤ.አ. የተቀበለው የማክሌላን ኮርቻ መሐሉ ክፍት ነው። እንግሊዛዊው ብሩክስ በ1866 እ.ኤ.አ. በርሚንግሃም ላይ የፈረስ ዕቃ መሥራት ጀመረ፤ ፈረሱ ሞቶበት ብስክሌት ቢዋስ መቀመጫው አላስቀምጥ እንዳለው ይነገራል። ከዚያ ለብስክሌት የሠራው መቀመጫ ከፊትና ከኋላ ብረት ላይ የተወጠረ ወፍራም ቆዳ ብቻ ነው፤ ስፖንጅ የለውም። ቆዳው እየዋለ እያደረ የባለቤቱን መቀመጫ ይይዛል። ሩቅ ሂያጆች እስከ ዛሬ ይፈልጉታል። የእህቴ ልጅ ይህን ስነግረው ፈረንጅ ስላለው ነው መሰል ትንሽ አመነኝ።

እርካቡንም አትርሱት። አባቶቻችን አውራ ጣታቸውን ብቻ ነበር የሚያስገቡት፤ ጠፍሩ ከረዘመ እግር እርካብ ፍለጋ ሲንጠራራ ዳሌ ግራ ቀኝ ይወዛወዛል። በብስክሌትም መቀመጫው ከፍ ካለ ያው ነው። አፍንጫው ሽቅብ ካየ ደግሞ የባሰ።

መኳንንቱ ፈረሱን ለጦርነት እያስሳቡ መንገዱን በበቅሎ ይሄዱ ነበር። ያንን ሁሉ አገር ያቋረጡት ቆዳ ሠሪ በሠራው ላይ ተቀምጠው ነው። ቆዳ ሠሪውን ግን ባላገሩ በስድብ ስም እየጠራ ከማዕዱ ያርቀው ነበር። አባቴ በዚህ ስም ኖሮ በዚህ ስም ሞተ። ሲሰድበው የዋለ ሰው ወደ ወንጭት ወንዝ ቁልቁለት ከመውረዱ በፊት «እስቲ ጠፍሩን እይልኝ» ብሎ ሲመጣ እሱ አጎንብሶ ያጠብቅለታል። እኔ በልጅነቴ ይህ ያናድደኝ ነበር። ኋላ ሳስበው አባቴ ያየው የነበረው በቅሎዋን ነው።

አሁን መኪናው ስላለ የሚታዘዘኝ የሠርግ ኮርቻ ነው። የሚጠይቁኝም ስለ ግላሱ ጥልፍ እንጂ ስለ ሳንቃው አይደለም። «ለግማሽ ቀን ለሚጫን ምን አደከመህ?» ይሉኛል። በቅሎዋ እኮ ሠርግ መሆኑን አታውቅም።